የታችኞቹ ቅጠሎች ሲገረጡ ለጋዎቹ ለምን ለምልመው ይቆያሉ?

አዲስ አትክልተኛ (ጥያቄውን ያነሣው)

ሰላም ለሁላችሁም። በባልዲ የተከልኳቸው ስድስት የቲማቲም ተክሎች አሉኝ። ፍሬ መያዝ ከጀመሩ በኋላ ከታች ያሉት ቅጠሎች ከጠርዛቸው ወደ መሐል እየገረጡ መጡ፤ ጅማቶቻቸውና በጅማቶቹ ዙሪያ ያለው ጠባብ ክፍል ግን አሁንም አረንጓዴ ነው። በዚያው ግንድ ጫፍ ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ደግሞ ምንም እንዳልደረሰባቸው ለምልመዋል። ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ ሥር ስለሆነ፣ ችግሩ የምግብ እጥረት ከሆነ ሁሉንም እኩል ሊነካ ይገባ ነበር ብዬ አሰብኩ። አንድ ወዳጄ «ተክሉ ከሽማግሌዎቹ ወስዶ ለልጆቹ እየሰጠ ነው» አለኝ። አባባሉ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በእርግጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን፣ ካለም ንጥረ ምግቡ ከቅጠሉ በየት በኩል እንደሚወጣ ማወቅ እፈልጋለሁ። ገርጥተው የተንጠለጠሉትን ቅጠሎች ልቁረጣቸው ወይስ ልተዋቸው የሚለውም አልተለየልኝም።

የዕፅዋት መምህር

ወዳጅዎ የተናገሩት በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ንጥረ ምግብ እንደዚያ አይወሰድም፤ የምልክቱም ምሥጢር ያለው እዚያ ላይ ነው።

በተክል ውስጥ ሁለት የማጓጓዣ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ዛይለም ነው። ይህ ሕይወት በሌላቸው ሴሎች የተሠራ ቱቦ ሲሆን፣ ውሃንና በውሃው ውስጥ የሟሙ ማዕድናትን ከሥር ወደ ላይ ያወጣል። ውሃውን በዋነኛነት የሚስበው ከቅጠሎች ላይ የሚካሄደው ትነት በመሆኑ፣ በዚህ መንገድ ብዙ የሚደርሰው ብዙ ውሃ ለሚያተነው ሰፊና ሙሉ ቅጠል ነው እንጂ ገና ለተጠቀለለው ለጋ አይደለም። ስለዚህ «ሁሉም ከአንድ ሥር ይጠጣሉ» ያሉት እውነት ቢሆንም፣ የሚደርሳቸው ግን እኩል አይደለም።

ሁለተኛው ፍሎየም ነው። ይህኛው ሕያው በሆኑ ሴሎች የተሠራ ሲሆን ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ፎስፌት፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌሎችንም ይሸከማል። አቅጣጫው ወደ ላይ ብቻ ወይም ወደ ታች ብቻ አይደለም፤ ጭነቱ ከገባበት ቦታ ተነሥቶ ጭነቱ ወደሚራገፍበት ቦታ ይሄዳል። ጀርመናዊው ኤርንስት ሙንሽ እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው ማብራሪያ መሠረት፣ ምንጭ በሆነው ቅጠል ውስጥ ስኳር ወደ ቱቦው ሲጫን ውሃ ተከትሎት ይገባና ግፊት ይፈጠራል፤ ስኳሩ በሚራገፍበት ጫፍ ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ፈሳሹም በዚህ ልዩነት ይነዳል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ያ ንጥረ ምግብ ወደ ፍሎየም መግባት ይችላል ወይስ አይችልም? ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ክሎሪን በቀላሉ ስለሚገቡ፣ ከሥር የሚመጣው ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ወደሚያድገው ክፍል ይልካቸዋል፤ በዚህም የተነሣ የእጥረታቸው ምልክት መጀመሪያ የሚታየው ከታች ነው። ካልሲየምና በአብዛኞቹ ተክሎች ቦሮን ግን ውሃው ባወረዳቸው ቦታ ይቀራሉ፤ እጥረታቸውም ከላይ፣ በለጋው ላይ ይጀምራል። ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ መዳብና ሰልፈር በእነዚህ መካከል ናቸው፤ የብረትና የማንጋኒዝ እጥረት አብዛኛውን ጊዜ በለጋዎቹ ላይ ይታያል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ቢዱልፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት ራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ፣ ሰልፈርና ካልሲየም ለቦሎቄ ተክል ሰጥተው የሄዱበትን ተከታትለዋል። ፎስፈረሱ በተክሉ ውስጥ ሳያርፍ ሲዘዋወር፣ ሰልፈሩ ለጋ ቅጠሎች ዘንድ ሲደርስ ተይዞ ሲቀር፣ ካልሲየሙ ደግሞ መጀመሪያ ካረፈበት ቅጠል ሳይነቃነቅ ተገኝቷል። ሦስቱ ንጥረ ምግቦች በአንድ ተክል ውስጥ ሦስት የተለያየ ጠባይ ማሳየታቸው ለእኔ እስካሁን ድረስ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ነው።

ጠያቂ ተማሪ

ማብራሪያው ግልጽ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቅጠሉ የሚገረጣው አረንጓዴው ቀለም ወደ ላይ ስለተወሰደ ነው ማለት ነው? ክሎሮፊል በመሐሉ ማግኒዚየም እንዳለውና በዙሪያው ናይትሮጅን እንደሚገኝ ተምረናል። ስለዚህ ተክሉ ክሎሮፊሉን ራሱን አፍርሶ ማግኒዚየሙንም ናይትሮጅኑንም ለለጋው ይልካል ብዬ ነበር የምረዳው።

የላብራቶሪ ሰው

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን አይደለም። ማግኒዚየሙ ይወጣል። የክሎሮፊሉ ናይትሮጅን ግን ከቅጠሉ አይወጣም።

በአንድ ክሎሮፊል ውስጥ ያሉት የናይትሮጅን አቶሞች አራት ብቻ ናቸው፤ በጠቅላላው የቅጠል ናይትሮጅን ውስጥ ያላቸው ድርሻም በጣም ትንሽ ነው። የእውነተኛው ሀብት መቀመጫ ፕሮቲን ነው። በቅጠል ካለው ናይትሮጅን ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆነው በክሎሮፕላስት (ክሎሮፊሉን በያዘው የሴሉ ክፍል) ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ብቻውን እንደ ስንዴና ቲማቲም ባሉ ተክሎች በቅጠሉ ከሚገኘው የሚሟሟ ፕሮቲን እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ቅጠሉ ሲያረጅ ይህ ሁሉ ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ይፈርሳል፤ ናይትሮጅኑም በአብዛኛው ግሉታሚንና አስፓራጂን ወደሚባሉ አሚኖ አሲዶች ተለውጦ ወደ ፍሎየም ይጫናል።

ታዲያ ተክሉ ናይትሮጅኑን የማይወስድ ከሆነ ክሎሮፊሉን ለማፍረስ ለምን ይደክማል? ክሎሮፊል የተጣበቀባቸው ፕሮቲኖች ሲፈርሱ እርሱ ተለቅቆ ከቀረ፣ ብርሃን በመታው ቁጥር ሴሉን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል። ሴሉ ያለ ጊዜው ከሞተ ደግሞ ጭነቱ ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ ክሎሮፊሉ መጀመሪያ ማግኒዚየሙን ያጣል፣ ቀጥሎም ማግኒዚየሙን ከብቦት የነበረው ቀለበት ይከፈታል፣ በመጨረሻም ቀለም አልባ ቅሪት ሆኖ በሴሉ ቫኪዩል (የማከማቻ ከረጢት) ውስጥ ይከማቻል፤ ቅጠሉም ሲረግፍ አብሮት ይወድቃል። የዚህ ቀለም አልባ ቅሪት አወቃቀር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ያን ጊዜ ድረስ በየዓመቱ በምድር ላይ የሚጠፋው ያ ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ወዴት እንደሚገባ በትክክል የሚናገር ሰው አልነበረም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ግሪጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናት ከተከታተላቸው የአተር ባሕርያት አንዱ የፍሬው ውስጥ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆን ነበር። ለዚህ ባሕርይ ምክንያት የሆነው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2007 ተለይቶ ሲታወቅ የክሎሮፊልን መፍረስ የሚቆጣጠር ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በሌላ ተክል ላይ በተደረገ ጥናት የዚህ ዘረ መል ውጤት ማግኒዚየሙን ከክሎሮፊል የሚነቅለው ኢንዛይም መሆኑ ታየ። ሲደርቅም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው አተር እንግዲህ ማግኒዚየሙን መንቀል ያቃተው ነው።

ወደ ጠያቂው ቅጠል ስመለስ፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው መቆየታቸው ከዚሁ ጋር ይሄዳል። መፍረሱ ከጠርዝና ከጫፍ ይጀምራል፤ በጅማቶቹ ዙሪያ ያሉት ሴሎች ግን ጭነቱ የሚያልፍባቸው ስለሆኑ እስከ መጨረሻው በሕይወት ይቆያሉ። ለዚህ ሥራ ጉልበት ስለሚያስፈልግ ጉልበት የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያና የሴሉን ሥራ የሚመራው ኒውክለስም ከክሎሮፕላስቱ በኋላ ነው የሚፈርሱት።

ቆራጭ

በትህትና ልቃወም። ለብዙ ዓመታት አትክልት ሳለማ የገረጣ ቅጠል ካየሁ ሳልውል ሳላድር እቆርጠዋለሁ። እንዲህ ያለ ቅጠል ራሱን መመገብ ስለማይችል ከሌሎቹ የሚበላ ጥገኛ ነው፤ እርሱ ሲወገድ ምግቡ ለፍሬው ይተርፋል። የእኔ ተክሎች በዚህ ተጎድተው አያውቁም።

የዕፅዋት መምህር

ተክሎችዎ አለመጎዳታቸውን አልጠራጠርም፤ የሰጡት ምክንያት ግን ትክክል አይደለም። ቅጠል ገና ሲወለድ ተቀባይ ነው፤ ስኳሩን ከሌሎች ያገኛል። ከሙሉ ስፋቱ ሩብ ያህል ሲደርስ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ምንጭነት መለወጥ ይጀምራል፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲደርስ ለውጡ ይጠናቀቃል። በዚያን ጊዜ ስኳር ከፍሎየም ወደ ቅጠሉ ሴሎች የሚራገፍበት መንገድ ይዘጋል፤ ያ በር አንዴ ከተዘጋ ተመልሶ አይከፈትም። ሙሉ የሆነን ቅጠል በጥላ ቢያስርቡት እንኳ ያለውን ያወጣል፣ ያረጃል፣ ይረግፋል እንጂ ከጎረቤቶቹ ስኳር መቀበል አይጀምርም። ስለዚህ የገረጣ ቅጠል ጥገኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ግማሽ በግማሽ የገረጣው ቅጠል ጭራሽ በመስጠት ላይ ያለ ነው።

ይህን ስል መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም ማለቴ አይደለም። ቅጠሉ አፈር ከነካ፣ የበሽታ ነጠብጣብ ካለበት ወይም የአየር ዝውውር ከከለከለ መወገዱ ተገቢ ነው። ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከሆነም የሚሰጠው ስለሌለው ቢቆረጥ የሚጎድል ነገር የለም። በነገራችን ላይ ቅጠል ተሟጥጦ ባዶ አይሆንም። በዱር በሚበቅሉ ቋሚ ተክሎች ላይ የተሰበሰቡ መለኪያዎች እንደሚያሳዩት፣ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ከናይትሮጅኑና ከፎስፈረሱ በአማካይ ግማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለው ይመለሳል፤ የቀረው አብሮት ይወድቃል።

የሰላጣ አብቃይ

የእኔ ችግር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከውጭ ያሉት ትልልቅ ቅጠሎች ጤናማ ሆነው ሳለ በመሐል የተጠቀለሉት ለጋዎች ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ካልሲየም ነው ተብዬ በትልልቆቹ ቅጠሎች ላይ ረጨሁ፤ ለውጥ ግን አላየሁም። ካልሲየሙ በተክሉ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ለጋው እንዴት ይራባል?

የላብራቶሪ ሰው

ለጋው የሚራበው በእርግጥም ተክሉ ውስጥ ካልሲየም ሞልቶ እያለ ነው። ሕያው ሴል በውስጡ ያለውን ነጻ ካልሲየም ከውጭው ጋር ሲነጻጸር 10,000 ጊዜ ያህል ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ከፍ ካለ ከፎስፌት ጋር ተጣምሮ ይረጋል፣ ሴሉ መልእክት የሚለዋወጥበትንም ሥርዓት ያዛባል። ፍሎየም በሕያዋን ሴሎች የተሠራ ስለሆነ ይኸው ሕግ ይገዛዋል፤ ካልሲየምን በብዛት መሸከም አይችልም። ቅጠሉ የደረሰውን ካልሲየም በሴል ግድግዳ ውስጥ ፔክቲን ከተባለው የግድግዳው ማጣበቂያ ጋር ያስረዋል፣ የተረፈውንም በቫኪዩል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በብዙ ተክሎችም የኦክሳሌት ክሪስታል ያደርገዋል። አሮጌው ቅጠል በዕድሜው ልክ ካልሲየም ሲያከማች ይኖራል፤ መልሶ የሚሰጥበት መንገድ ግን የለውም።

በመሐል የተጠቀለለው የሰላጣ ቅጠል ውሃ ስለማያተን በዛይለም የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ በፍሎየምም አይመጣለትም። በትልልቆቹ ላይ የረጩት ካልሲየም እዚያው ቀርቷል። የሚረዳው የአየር እንቅስቃሴ ወደ መሐሉ እንዲደርስ ማድረግ፣ እድገቱ እጅግ እንዳይፈጥን መግታትና ሌሊት የሥር ግፊት ውሃውን ወደ ላይ እንዲገፋ አፈሩን እኩል እርጥበት ላይ ማቆየት ነው። የቲማቲም ፍሬ ታችኛው ጫፍ የሚጠቁረውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው።

ቦሮን ግን አስገራሚ ልዩነት አለው። አፕል፣ ፒርና ቼሪ ሶርቢቶል የሚባል የስኳር አልኮል ስለሚሠሩና ቦሮን ከእርሱ ጋር ተጣምሮ በፍሎየም ስለሚጓዝ፣ በእነዚህ ዛፎች ቦሮን ከአሮጌ ወደ ለጋ ይዘዋወራል። «ቦሮን አይንቀሳቀስም» የሚለው አነጋገር የሚሠራው የተክሉ ዓይነት ከታወቀ በኋላ ነው።

የስንዴ ተመልካች

ከባልዲ ወጥተን ወደ እርሻ ስንሄድ ነገሩ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ስንዴ ላይ በፍሬው ውስጥ ከሚገኘው ናይትሮጅን አብዛኛው አበባ ከመውጣቱ በፊት በቅጠልና በአገዳ ተከማችቶ የነበረ ነው። ይኸውም ማለት የፍሬው ፕሮቲን ትናንት የቅጠል ሩቢስኮ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዱር ስንዴ ውስጥ የተገኘው ናም-ቢ1 የተባለ ዘረ መል የቅጠሉን ማርጀት የሚያፋጥን ሲሆን፣ በብዙ ዘመናዊ የስንዴ ዝርያዎች ውስጥ ግን አይሠራም። ተመራማሪዎቹ የዚህን ዘረ መል ዘመዶች በስንዴ ውስጥ ሲያዳክሙ ቅጠሉ ከ3 ሳምንት በላይ ዘግይቶ አረጀ፤ የፍሬው ፕሮቲን፣ ዚንክና ብረትም ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ።

እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ማሳ ሳይ እንደ ድሮው አላደንቅም። ቅጠሉ ረጅም ጊዜ በሠራ ቁጥር ስኳሩ ይበዛል፤ ነገር ግን ካልፈረሰ ናይትሮጅኑን ይዞ ይቀራል። ሁለቱን አስታርቆ ማግኘት ለአዳቃዮች ከባድ ሥራ ሆኗል።

ጠያቂ ተማሪ

ሌላ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። «ይህ ቅጠል ይፍረስ» ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ቅጠሉ ራሱ ነው ወይስ ለጋዎቹ ናቸው የሚያዝዙት?

የዕፅዋት መምህር

ሁለቱም ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሪችመንድና ላንግ ከግንዱ የተቆረጠ ቅጠል ካይኔቲን በተባለ የሳይቶካይኒን ወገን ሲታከም ፕሮቲኑን ቶሎ እንደማያጣ አሳዩ። ሳይቶካይኒን ሥር አካባቢና በሚያድጉ ክፍሎች በብዛት የሚሠራ ሆርሞን ነው። ኩርት ሞተስና ባልደረቦቹ ደግሞ በቅጠል ላይ የተቀባ ካይኔቲን አሚኖ አሲዶችን ወደ ተቀባው ቦታ እንደሚስብ፣ ዙሪያው ሲገረጣም ያ ቦታ እንደ ደሴት አረንጓዴ ሆኖ እንደሚቀር አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጋንና አማሲኖ ቅጠሉ ማርጀት ሲጀምር ብቻ ሳይቶካይኒን እንዲሠራ የተደረገ ትምባሆ አዘጋጁ፤ የታችኞቹ ቅጠሎችም እጅግ ዘግይተው አረጁ።

ከላይ ያለው ተቀባይ ሲወገድም ለውጥ ይታያል። በትምባሆ ወገን በሆነ ተክል ከቅጠሉ በላይ ያለው ግንድ ሲቆረጥ፣ ገርጥቶ የነበረው ቅጠል እንደገና አረንጓዴ እስከ መሆን የደረሰበት ሙከራ አለ። ስለዚህ መፍረሱ ከአንድ ደረጃ እስኪያልፍ ድረስ ሊመለስ የሚችል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የንጥረ ምግብ መንቀሳቀስ እንደ ክብደት ወይም እንደ ቀለም የማይለወጥ ጠባይ አይደለም። ሰልፈርን ብንወስድ፣ አብዛኛው በፕሮቲን ውስጥ የታሰረ ስለሆነ፣ ናይትሮጅን በቂ ሆኖ ፕሮቲኑ እስካልፈረሰ ድረስ ሰልፈሩም አይወጣም፤ በዚህ ምክንያት እጥረቱ ብዙ ጊዜ በለጋው ላይ ይታያል። ናይትሮጅኑ ሲያጥር ግን ፕሮቲኑ ስለሚፈርስ ሰልፈሩም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ሰንጠረዥ ብቻ ይዞ ቅጠል ማንበብ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

አዲስ አትክልተኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ይዤ የማዳበሪያውን ማሸጊያ እንደገና አነበብኩት፤ ፖታሲየሙ እጅግ ከፍተኛ ነው፣ ማግኒዚየም ግን ጨርሶ አልተጻፈበትም። የማጠጣውም ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውሃ ነው። ምልክቱ ከታች መጀመሩ፣ በጅማቶች መካከል መሆኑና ጠርዙ አለመቃጠሉ ወደ ማግኒዚየም ያመራ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

የላብራቶሪ ሰው

አልተሳሳቱም። ናይትሮጅን ቢሆን ኖሮ ቅጠሉ ከነጅማቱ ወጥ በሆነ መልኩ ይገረጣ ነበር፤ ፖታሲየም ቢሆን ደግሞ ጠርዙ ይቃጠል ነበር። የዝናብ ውሃ ማግኒዚየም የለውም ለማለት ይቻላል፤ ከመጠን ያለፈ ፖታሲየምም በሥሩ ላይ ማግኒዚየም እንዳይገባ ይሻማዋል። ፍሬው ማግኒዚየም መሳብ ሲጀምር ምልክቱ መውጣቱም የሚጠበቅ ነው። የፖታሲየሙን መጠን ዝቅ ያድርጉና ማግኒዚየም ሰልፌት በማጠጫው ውሃ ላይ በቀጭኑ ይጨምሩ። ውጤቱን የሚፈርዱት ግን በገረጡት ቅጠሎች አይሁን፤ ከእነርሱ በላይ ያለው ቅጠል መገርጣት አለመገርጣቱን ይመልከቱ።

አዲስ አትክልተኛ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። መገርጣቱ ከአራተኛው ቅጠል በላይ አልወጣም። በሦስቱ ተክሎች ላይ የገረጡትን ቅጠሎች ቆርጬ፣ በሦስቱ ላይ ትቼ ነበር፤ በፍሬው ላይ ልዩነት አላየሁም።

የዕፅዋት መምህር

ማግኒዚየሙ ከሥር መምጣት ከጀመረ ከታችኞቹ የሚወሰደው ያን ያህል አያስፈልግም፤ በተጨማሪም ስድስት ተክል ልዩነት ቢኖርም አያሳይም። ቆራጩ ወዳጃችን በዚህ እንዳይጽናኑ። የተዋቸው ቅጠሎች አሁን ምን ይመስላሉ?

አዲስ አትክልተኛ

ሁለቱ በጅማታቸው ዙሪያ አረንጓዴ እንደሆኑ አሉ። የቀሩት ሙሉ በሙሉ ገርጥተው፣ ዛሬ ጠዋት ጣቴ ገና ሲነካቸው ከግንዱ ላይ ሳይቀደዱ ተላቀቁ፤ የተላቀቁበትም ቦታ ደረቅ ነበር።